ቱቦው ላይ የታሰረው የመረብ ክር

ውድ አባቴ፣

በሰላምታ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን ሰላም አይደለሁም። ተናድጃለሁ። ስልክዎን ከዘጉ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ዘጌ ተቀምጠው የሰው ጀልባ እየጠገኑ እንደሆነ የነገረኝ ባለ ጀልባው ሙኒር ነው፤ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎም እሱ ነው። እፊቱ አንብበው ሳይጨርሱ እንዳይመለስ አደራ ብየዋለሁ።

ሰኞ ቀጠሮ አለዎት። ቱቦው ሦስት ወር ሊሞላው ነው፤ መቀየር አለበት። ካልተቀየረ ይደፈናል፤ ከተደፈነ ደግሞ ያቺ የቀረችዎ አንድ ኩላሊት ትሄዳለች። ግራው እኮ ከሞተ ቆየ! ዶክተር መልካሙ ምስሉን እያሳየ ነግሮዎታል። ጠጠር የሽንት መውረጃውን ዘግቶት ቀኙ ኩላሊትዎ ተወጥሮ ሳለ፣ በአልትራሳውንድ እያየ ጀርባዎን በመርፌ ወግቶ ያንን ቀጭን ቱቦ ያስገባልዎት እሱ ነው። ጠጠሩ በኦፕራሲዮን እስኪወጣ ድረስ ሽንትዎ በዚያ በኩል ይወርዳል አለን። ከቱቦው ጫፍ የተንጠለጠለው ከረጢት ሲሞላ አይቼ ከደስታዬ ብዛት አለቀስሁ። እርስዎ ግን ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ "አሁንስ የሚያፈስ ጀልባ ሆንሁ" አሉ። ነርሷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ቀልድ መስሎን ነበር።

አርባ ዓመት ሙሉ የጀልባ ቀዳዳ ሲደፍኑ የኖሩ ሰው ነዎት። ነፍስዎን ያተረፈውን ቱቦ ግን በመረብ ክር ያስራሉ ብሎ ማን ይጠረጥራል? ያን ጁምዓ ከመስጊድ ተመልሰው፣ ብርድ ልብስ ተደራርቦልዎት ሲንቀጠቀጡ፣ እማየ ወባ ነው ብላ ስትሯሯጥ፣ ሸሚዝዎን ገልጬ ያየሁት እኔ ነኝ። ቱቦው ታጥፎ በሰማያዊ ክር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ከረጢቱ ባዶ ነው። ክሩን በምላጭ ስበጥሰው የወረደው ሽንት አልነበረም፤ መግል ነበር፣ አባቴ! አምስት ቀን ሆስፒታል ተኙ። ለምን ብዬ ስጮህብዎ፣ "ሽንት ተሸክሜ አላህ ፊት አልቆምም" አሉኝ። ከሆስፒታል በወጡ በሳምንትዎ ደግሞ ጠፉ።

እኔም የመስጊዱ ሸህ ቡርሀን ዘንድ ሄድሁ። እውነቱን ልንገርዎትና፣ መስገድ የከለከሉዎት እሳቸው መስሎኝ ልጣላቸው ነበር የሄድሁት። እሳቸው ግን ሰምተው አዘኑ።

"እንዲህ ያለ የሕመም ዑዝር ያለበት ሰው ለየሶላቱ ታጥቦ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል። ከዚያ ወዲያ ቢፈስም ሶላቱ አይበላሽበትም። ሙኽታር ይኸን አጥቶት ነው? አብረን አይደል እንዴ ኪታብ የቀራነው!" አሉኝ።

ያውቁ ነበር! ይኸ ነው ያንጨረጨረኝ። የፈሩት አላህን አይደለም፤ ሰውን ነው። በስግደቱ ረድፍ፣ ሶፍ ላይ፣ አጠገብዎ የቆመው ሰው አንድ እርምጃ ፈቀቅ እንዳይልብዎ ነው። ለሰው አፍንጫ ብለው ሊሞቱብን!

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር። አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከከተትሁት በኋላ መልሼ አወጣሁት። አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ።

ያ ክር የተጀመረው ጁምዓ ቀን አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ ነው። ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቁኝ የመጡ ዕለት፣ በር ላይ ድምፃቸው ሲሰማ፣ ከረጢቱ ከጋቢዎ ሥር ወጥቶ አየሁትና ደነገጥሁ። "አባ፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ መዝጋት አይቻልም?" አልሁዎት። ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ከረጢት የለም። ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ እንግዶቹን አጫወቱ፣ ልጄን ፈቅጃለሁ አሉ። እኔም ደስ አለኝ። እንዴት አድርገው እንደዘጉት ግን አልጠየቅሁም።

ከላይ የጻፍሁትን ቁጣ አልሰርዘውም። ግማሹ ግን የእኔ ነው። አፍሬብዎት ነበር፣ አባቴ። በእርስዎ!

የጋብቻውን ኒካሕ አስቁሜዋለሁ። የሚድሩኝ ወሊዬ እርስዎ ነዎት፤ ከረጢትዎን ከጋቢዎ ውጭ አድርገው ፊት ለፊት ካልተቀመጡ አላገባም። ፈቀቅ የሚል ካለ በሩ ክፍት ነው፣ ይሂድ። ለሙሽራውም ይህንኑ ነግሬዋለሁ።

እሁድ ጠዋት በሙኒር ጀልባ እመጣለሁ። ሐይቅ ላይ እንደምፈራ ያውቃሉ፤ ቢሆንም እመጣለሁ። ምላጭ ይዣለሁ። ቱቦው ታስሮ ካገኘሁት ክሩን እበጥሰዋለሁ፤ ካልታሰረም እጅዎን ስሜ ይዤዎት እመለሳለሁ። ሰኞ ጠዋት ዶክተሩ በር ላይ አብረን እንቀመጣለን፤ ከረጢቱን የምይዘው እኔ ነኝ።

ክሩን መጀመሪያ ያሳሰረችዎ ልጅዎ፣
ኢልሃም