ማድረቂያው በየት ይተነፍሳል?

ቆሰበር፣ ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ይኸን ወረቀት ኩዌት ድረስ የምታደርስልሽ እታለማሁ ናት፤ እረፍቷን ጨርሳ ማክሰኞ ትመለሳለች። እሑድ እሑድ በሚሰጡሽ ሩብ ሰዓት ስልክ የማያልቅ ነገር ስላለኝ ጻፍሁት። እኔ ደኅና ነኝ። ትናንት ፍልሰታን ያላንቺ ፈታሁ። ዝናቡ አላባራም፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ደርቆ የገባበትን ቀን አላስታውስም።

ባለፈው እሑድ የምትሠሪበት ቤት የልብስ ማድረቂያ በየት እንደሚተነፍስ ስጠይቅሽ ሳቅሽብኝ። “ወደ ጓሮ ነዋ፤ ድመቷ ሙቀቱን ፈልጋ ቧንቧው ሥር ትተኛለች” አልሽኝ። ለምን እንደጠየቅሁሽ ግን ደበቅሁሽ። ከሆቴሉ አባረውኝ ነበር፣ እማዬ። መስከረም ላይ ውልሽ ሲያልቅ “ሥራ ይዣለሁ፣ ነይ” ያልሁሽ ሥራ እሱ ነው።

የሆቴሉ ማድረቂያ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ይዞራል፣ ይሞቃል፤ አንሶላው ግን ሁለት ሰዓት ቆይቶም ትኩስና እርጥብ ሆኖ ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ ስንታየሁ “መሐንዲስ አይደለሽም ወይ?” ብሎ ጥገናውን ለእኔ ሰጠኝ። ጉድፍ የሚይዘውን ወንፊት አየሁ፤ ንጹሕ ነው። የመብራቱን ኃይል ለካሁ፤ በቂ ነው። ከበሮውን የሚያዞረው ቺንጋ አልላላም። ማሞቂያው ይግላል፣ ጥቂት ቆይቶ ራሱን ያጠፋል፣ እንደገና ይግላል። ለምን? ይኸ “ለምን” ሦስት ቀን ምግብ አስረሳኝ። በአራተኛው ቀን የስንታየሁ ሚስት ወንድም ይኸነው መጣና ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት “ማሞቂያውን ያቃጠለችው እሷ ናት፤ ለሴት ሽቦ ሲሰጧት እንዲህ ነው” አለ። ስንታየሁም ያንኑ ለሆቴሉ ባለቤት ጽፎ አሰናበተኝ። የተቃጠለ ማሞቂያ አንሶላ አያሞቅም ብዬ ብከራከር የሰማኝ የለም።

ያንቺ ድመት ግን እረፍት ነሳችኝ። ልብስ የሚያደርቀው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ እርጥበቱን ይዞ የሚወጣው ነፋስም ነው። ካልወጣ እዚያው እየዞረ ልብሱን መልሶ ያረጥበዋል፤ ማሞቂያውም ታፍኖ ከልክ በላይ ሲግል ራሱን ያጠፋል። ታዲያ የእኛው በየት ይተነፍሳል? ቧንቧው ከውስጥ ወደ ግድግዳው ሲገባ አይቻለሁ፤ ከውጭ ሲወጣ ግን አይቼ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት በጓሮ በኩል ዞርሁ። ማሽኑ ውስጥ ሲያጓራ ይሰማኛል፤ ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው፤ የቧንቧ አፍ የሚባል የለም። ያለው ግድግዳውን ተጠግቶ የቆመው የዘበኛው የጋሽ ሀብቱ የቆርቆሮ ማረፊያ ብቻ ነው። እሳቸውም አፍንጫቸው ውስጥ ዳማ ከሴ ወትፈው ተቀምጠዋል።

ታመው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በአውኛ አጫወቱኝ፦ ከግድግዳው ሳሙና ሳሙና የሚሸት ትኩስ አየር እየወጣ ምች መታቸው፤ ከንፈራቸው ቆሰለ፤ ራሳቸውን ፈለጣቸው። “አሁንማ ተሽሎኛል፤ ቅጠሉ ለጥንቃቄ ነው” አሉና በኩራት ጨመሩልኝ፦ “ሐምሌ ሲያልቅ ቀዳዳውን በጆንያ ወትፌ በጭቃ መረግሁት።”

ምን ልበላቸው? ልብስ ሳጥብ ውዬ “ሳሙና እየሸተትሽ ፀሐይ ላይ አትውጪ” እያልሽ የምትቆጪኝ አንቺ አልነበርሽም? ነገሩን ሳስረዳቸው ደንግጠው ራሳቸው ጭቃውን ይፍቁ ጀመር። ጆንያው ሲወጣ ትኩሱ ነፋስ ጉድፍ እየተፋ ፊታችን ላይ ፈነዳ። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ አጣቢዋ ደጊቱ የደረቀ አንሶላ ጉንጯ ላይ ለጥፋ እየሳቀች ወጣች። የጋሽ ሀብቱንም ማረፊያ ተሸክመን በሩ አጠገብ አዛወርንላቸው።

ከዚያ ስንታየሁ ቢሮው አስገብቶኝ በሩን ዘጋ። “ነገ ሥራሽን ጀምሪ። ብቻ ለባለቤቱ አንዴ ጽፌያለሁና፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ይቅርታ ተደርጎልኛል ብለሽ ፈርሚ” ብሎ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ።

“በየትኛው ጥፋት ልፈርምልዎት? በጋሽ ሀብቱ ጭቃ ነው ወይስ በይኸነው ወሬ?” አልሁት።

ወረቀቱንና እስክሪብቶውን መልሼ ገፍቼለት ወጣሁ። የሆነውን ሁሉ ራሴ ለባለቤቱ ጻፍሁ፤ እስካሁን መልስ የለም። ስለዚህ ዛሬ ሥራ የለኝም፤ አልዋሽሽም። ዳንግላ ሌላ ሆቴል ማሽኑ እንዳስቸገረው ሰምቻለሁ፤ ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ።

አንቺም የደበቅሽኝ አለ። አሠሪሽ የሁለት ዓመት ውል አዘጋጅታ እንደምትጠብቅሽ እታለማሁ ነግራኛለች። ይኸን ደብዳቤ ስታነቢ እስክሪብቶ ልታነሺ እንደምትችዪ አውቃለሁ፤ “ልጄ ሥራ ፈታለች” ብለሽ። ሰባት ዓመት በሰው ቤት ልብስ አድርቀሽ ያስተማርሽው እጅ ነው የስንታየሁን ወረቀት መልሶ የገፋው። ያለ ደመወዝ መክረም እችላለሁ፤ ሁለት ዓመት ደግሞ ያላንቺ ግን እንጃ። እኔ አልፈረምሁም፤ አንቺም አትፈርሚ።

ያወጣሽ አምላክ ጤናሽን ጠብቆ ለአገርሽ አፈር ያብቃሽ።

ልጅሽ ምሥራቅ