ግራሶ የጠጣችው ባቡር

ሰኞ፣ ጥር 18

"እጅህ ለመዶሻ ነው የተፈጠረው" አሉኝ! ለእኔ! ሁለት ዓመት ሙሉ ሞተር ሳይክል ጋራዥ ውስጥ ሞተር በትኜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምገጥመውን ልጅ! የሰዓቷ ብሎን ከጉንዳን ታንሳለች። ወደቀች፣ ጠፋች። ታዲያ የኔ ጥፋት ነው? ሠሪዋ ትንሽ ተለቅ ቢያደርጋት ምን ነበረበት?

ሰዓት ሠሪውን ነው የምለው። አጉሊ መነጽራቸው ከዓይናቸው ስለማይወርድ ሠፈሩ ሁሉ "ጋሼ አጉሊ" ይላቸዋል። እህቴ ናት ለምና ያስገባችኝ። "ጋራዡም አባረረህ፣ ወፍጮ ቤቱም አባረረህ። ከዚህ ከተባረርክ ማንም ፊት ቆሜ አልለምንልህም፣ ከቤቴም ትወጣለህ" ብላለች። ተባረርኩ አይባልም። ተጣላን ነው የሚባለው።

ፈተናዬ አንዲት ያገለገለች የባቡር ራስ ናት። መዳፍ የምታክል፣ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ የምትሄድ፣ የእውነተኛዋ ትንሽ አምሳያ። ጋሼ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ነው የገዟት። "እስከ ቅዳሜ አንድ ሙሉ ዙር ካዞርካት ወንበሩ ያንተ ነው። ካላዞርካት እህትህን ሰላም በልልኝ" አሉ።

እስከ ቅዳሜ? ለነገ ምሳ አደርሳታለሁ!

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ፈታኋት። ሆዷ ውስጥ ምን የሌለ አለ... የምንጣፍ ክር፣ ፀጉር፣ የደረቀ ዝንብ። ጎማዎቹን የያዘው አክሷ ላይ የተጠመጠመውን ፀጉር በመርፌ ለቅሜ አወጣሁት። ማን እንደኔ?

ከዚያ ግራሶ። ያልተቀባ ብረት አይሄድም፤ ጋራዥ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ማርሹን፣ አክሱን፣ የብረት ጎማዎቹን... አጠገብኳት።

ሐዲዱ ላይ አስቀመጥኳት። የሐዲዱን ትራንስፎርመር ሰክቼ ኤሌክትሪክ ለቀቅኩ። ዝም። በጣቴ ስገፋት እንደ ሳሙና ትንሸራተታለች። በራሷ ግን ንቅንቅ የለም። ምን ሆና ነው?

ረቡዕ፣ ጥር 20

እምቢ አለች።

ሞተሯን ለብቻው አውጥቼ በባትሪ ነካሁት። እንደ ንብ ጮኸ! ደህና ነው ማለት ነው። መልሼ ገጠምኩት። ሐዲድ ላይ... ሬሳ። ግራሶ ጨመርኩላት።

ጋሼ ቀና ሳይሉ "ልርዳህ?"

"አያስፈልግም ጋሼ፣ ልትሄድ ነው።"

"ወዴት? ወደ ቆሻሻ ገንዳ?"

የሰዓት ባትሪ ሊያስቀይር የመጣ አንድ ሹፌር ሆዱን ይዞ ሳቀ። ምን ያስቀዋል?

ቤት ስገባ እህቴ፣ "ሄደች?"

"ልትሄድ ነው።"

"አንተስ?"

ሐሙስ፣ ጥር 21

ግራሶ ጨመርኩ። ምንም። አትፈታተኚኝ!

ዓርብ፣ ጥር 22

ተዋረድኩ።

ጠዋት ደንበኛ ፊት "ትራንስፎርመሩ ነው የሞተው! በሞተ ኤሌክትሪክ እንዴት ትሂድ?" ብዬ ጮህኩ። ጋሼ ከመሳቢያ ሌላ ባቡር፣ የራሳቸውን ደህናዋን አውጥተው ሐዲዱ ላይ አኖሯት። አንድ ስንዝር ሮጠችና ቀጥ አለች።

"ሐዲዱን በጣትህ ዳብሰው።"

ዳበስኩት። ጣቴ ጥቁር ሆኖ ተነሳ።

"ባቡሯ ኤሌክትሪኩን ከየት ነው የምታገኘው?"

"ከ... ከሐዲዱ።"

"በምኗ?"

"በጎማዋ..."

"ጎማዋ ላይስ ምን አለ?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ! ግራሶው! ኤሌክትሪኩ መግቢያ አጣ እኮ! ሞተር ሳይክል መስላኝ... ሦስት ቀን ሙሉ በገዛ እጄ ሳንቃት ከረምኩ!

"ሰዓቶቹን አልቀባህልኝም፣ ተመስገን ነው" አሉ።

ቀኑን በአልኮልና በጥጥ ጨረስኩት። ጎማ በጎማ። ሐዲዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ። አስቀመጥኳት... ሄደች! ጮህኩ፣ አላፍርም። ኩርባው ጋ ስትደርስ ግን ቀጭ... ቀጭ... ቆመች።

ምን አደረግኩሽ?

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ማርሿ ላይ አንዲት ጥርስ ተበልታለች። ይሄ እንኳ የኔ ሥራ አይደለም፣ እርጅና ነው። ቀጥታው ላይ እንደ ልዕልት ትሄዳለች። ኩርባው ላይ ሲከብዳት ማርሹ ይስታል። በጣት ካልተገፋች አትወጣም።

ጋሼ ዛሬ የሉም። ዓይናቸውን ሊታዩ ሌላ ከተማ ሐኪም ጋ ሄዱ። ሲወጡ የሱቁን ቁልፍ ሰጡኝና፣ "ስትዞር በስልክህ ቀርጸህ ላክልኝ" አሉ። ከዚያ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ "ሰው የፈለግኩት ዓይኔ ስለከዳኝ ነው። ከእንግዲህ በሰው ዓይን ነው የማየው።"

አንጀቴን በሉት ሰውዬው።

እስከ ምሳ ታገልኩ። ጥርስ ከየት ይበቅላል? ከዚያ መላ መጣልኝ። ቀጥታው ላይ ቀረጽኩ። ኩርባው ጋ ስትደርስ ስልኩን ወደ ግድግዳው ሰዓቶች አዞርኩ፣ በጣቴ ገፋ አደረግኳት፣ መልሼ ወደ እሷ። እንዴት ታምራለች! በዚያ ዓይናቸው እንዴት ይለዩታል?

እህቴ ምሳ ይዛ መጣች። አሳየኋት። "ወንድሜ ሰው ሆነ!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እንባ ሁሉ... ምን ታለቅሳለች?

ስትሄድ ልልክላቸው ስልኩን አነሳሁ። ጣቴ እምቢ አለ። በሰው ዓይን... ኤጭ! ያንን ባይናገሩ ምን ነበረበት?

ቪዲዮውን አጠፋሁት። እንደገና ቀረጽኩ፣ ስልኩን ሳላዞር። ስትቆምም፣ ስገፋትም ይታያል። ከሥሩ ይህን ጽፌ ላክሁ፦

"ጋሼ፣ ኩርባው ላይ ትቆማለች። እየገፋሁ ነው ያዞርኳት። አንዲት ጥርስ ተበልታለች፣ እኔ አይደለሁም የበላኋት። እንዴት እንደሚቀየር አላውቅበትም፣ ያሳዩኝ። ሰኞ ሱቁን ልክፈት ወይስ ቁልፉን ለጎረቤት ልስጥ? አሁኑኑ ይመልሱልኝ!"