ረድኤት ስንት ቃል አላት?

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ስምንት። ዛሬም ስምንት ነው። የልጅ ልጄ ረድኤት ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሞላት፤ ያላት ቃል ግን ስምንት ብቻ። እናቷ ምሕረት ሱቋን ልትከፍት ስትወጣ በር ላይ ቆመችና፣ “አባዬ፣ ጆሮዋ ባይሰማስ?” አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እኔም ፈርቻለሁ፤ አላሳየኋትም።
የምችለውን አድርጌያለሁ።
አንደኛ፦ ልጅቷ እንዳትደናገር ከነሐሴ ጀምሮ በቤት ውስጥ አንድ ቋንቋ ብቻ ብያለሁ። ቀን ቀን የምትይዛት አስቴር የባንኮ ጎቲቲ ተወላጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ነው። በአማርኛ ብቻ እንድታዋራት ጠየቅኋት።
ሁለተኛ፦ የምትለውን ሁሉ እመዘግባለሁ። በሰማያዊ ቃላት፣ በቀይ “ትርጉም የለሽ ድምፆች”። ቀዮቹ አሥራ አራት ደርሰዋል።

ማክሰኞ
አስቴር ልጅቷን እያጠበች፣ “ጋሼ፣ ልጁ ይሰማል። ሞተር ሲመጣ ወደ በር ይሮጣል” አለች።
“ትሰማለች፣ ትሮጣለች” አልኳት። ዝም አለች።
ከበር ጀርባ የድስት ክዳን ጣልኩ። ረድኤት ዞረች። ደገምኩ፤ ዞረች። በሦስተኛው ሰልችቷት ክዳኑን አንስታ አመጣችልኝ። ትንሽ ተነፈስኩ። ቢሆንም ነገ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።

ረቡዕ
የሕፃናት ክፍሏ ሲስተር ከረድኤት ጀርባ፣ በቀኝም በግራም አሻንጉሊት አንኳኳች። “የምትሰማ ትመስላለች። ለማንኛውም ሰኞ ሆስፒታል በመሣሪያ ይታይላት” አለችና፣ “ቀን ምን እያላችሁ ነው የምታወሯት?” ብላ ጠየቀች።
ወደ አስቴር ዞርኩ። አንገቷን ደፋች።
“አማርኛው ይጠፋኛል፣ ሲስተር። ጋሼ ደግሞ ያርሙኛል። እና ዝም እላለሁ።”
ፊቴ ጋለ። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር፣ ተማሪ ሳይጨርስ አቋርጬ አርሜ አላውቅም።
ሲስተር አልተቆጣችም። “ሁለት ቋንቋ ልጅ አያዘገይም። የሚያዋራት ማጣት ነው የሚጎዳት” አለች። ምክሯን በቁጥር ጻፍኩት፦
1. ሁሉም በሚቀናው ቋንቋ ያውራት።
2. ሲያጥቧትም ሲያበሏትም የሚያደርጉትን እየነገሯት።
3. በጣቷ ስታሳይ ቶሎ አለመስጠት፤ እስክትሞክር ትንሽ መጠበቅ።
4. ቃል ሲቆጠር የየትኛውም ቋንቋ ይቆጠር።
አራተኛው ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። የየትኛውም?

ሐሙስ
ቀዮቹን ድምፆች አንድ በአንድ ለአስቴር አነበብኩላት። ሁለተኛው ላይ ሳቀች። አራተኛው ላይ በሩን ይዛ ነው የቆመችው።
“ይሄ እኮ ‘ውሃ’ ነው! ይሄ ‘እዘይኝ’ ነው፣ ጋሼ!”
ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ ጌዴኦኛ ናቸው። ዲላ ስኖር ዕድሜዬ አለቀ፤ የማውቀው ግን ሰላምታና የገበያ ቃል ብቻ።
አንዱን አልተረጉምም አለች። ረድኤት እኔ ስገባ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ የምትለው ነው።
“ይቅርብዎ፣ ጋሼ።”
“ተናገሪ።”
“‘ዝም በል’ ነው። ‘ሰውዬው መጣ’ ስለው ከእኔ ለምዶት።”
ሳቅን። ልጅቷም ሳቃችንን አይታ ሳቀች። በኋላ ብቻዬን ስሆን ያን ያህል አላሳቀኝም።
ድምር፦ አሥራ ዘጠኝ። ለምሕረት ስደውልላት እልል አለች። ሱቅ ውስጥ የነበሩት፣ “ማን ወለደ?” አሉ።

ዓርብ
ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ወሬ ነው። አስቴር ገላ ስታጥብ ታወራለች፣ አቮካዶ ስትልጥ ታወራለች፣ ልብስ ስታሰጣ ታወራለች። አንዱም አይገባኝም። ለእኔ በአማርኛ ስታወራ ሁለቴ “ልጁ” ስትል ሰምቼ አፌን ያዝኩ።
የአዲስ ቃላት ብዛት፦ ሁለት።

ቅዳሜ
ከምሳ በኋላ ረድኤት ከጓሮ እየሮጠች መጥታ ጣቴን ያዘች። “ዶሮ” አለች፤ ቀጥላ አንድ የማላውቀው ቃል።
“አስቴር! ምን አለች?”
“‘ሄደ’ ነው ያለው!” አለች ከማድ ቤት። “ዶሮ ሄደ።”
ባለቤቱ አማርኛ፣ ግሱ ጌዴኦኛ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር! ተቀምጬ ጻፍኩ፣ ከሥሩ አሰመርኩ፣ ሰዓቱን መዘገብኩ። ለምሕረት ደውዬ ልጅቷን አስደገምኳት። ረድኤት እጅጌዬን እየጎተተች፣ በቁጣ ደገመችው። ምሕረት በስልክ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ የዛሬው ግን የሰኞው ዓይነት አይደለም።
ከሆስፒታሉ ቀጠሮ አንቀርም፤ ጆሮዋ በመሣሪያ ይረጋገጥ።
የጓሮው በር ለካ ተከፍቶ ኖሯል። ዶሮዋ እስካሁን አልተገኘችም።