ለእማ እግር የሞቀው ወለል

ለውድ ወንድምዓለሜ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ሰላምታዬ የደሴን ብርድ አምልጦ ጀርመን ድረስ እንደሞቀ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? የሰው ቤት ወለል ስትዘረጋ ተንበርክከህ የምትውልበት ጉልበትህስ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። አለን ያልኩት እንደ ወጉ ነው፤ ነገሩን ከታች ታየዋለህ።

የምጽፍልህ ስልክ በደወልክ ቁጥር እማ ስለምትቀማኝ ነው። ደህና ነኝ፣ ቤቱ ሞቋል ትልህና መርቃህ ትዘጋዋለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሌላ መናገር አልቻልኩም።

እግሬን በረደኝ ማለት ከጀመረች አንስቶ የወለል ማሞቂያ ካልገባላት ብለህ ወጥረህ ይዘኸን ነበር። አንተ ካልክ አልክ ነው። ቧንቧው በየክፍሉ ተጠማዞ ተዘረጋ፣ ላዩ በሲሚንቶና በሴራሚክ ተሸፈነ። ወሬው ሰኞ ገበያ ደርሶ፣ እነዚህ ሰዎች ወለላቸውን ሻይ ሊያጠጡት ነው ተብሎ ተሳቀብን። የቀረው ውሃውን የሚያሞቀው ቦይለር ነበር። አንተ በኤሌክትሪክ ይሁን አልክ፤ እኔ ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር እማ በረዶ ላይ ልትቀመጥ ነው ወይ አልኩህ። የፀሐዩን ስታነሳ፣ በደሴ ጉም ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ ከየት ልናመጣ ነው ብዬ ሳቅኩብህ። በመጨረሻ በእንጨት በሚነደው ተስማማን፤ ባሕር ዛፍ እንደሆነ ከኩታበር እንደ ልብ ይመጣል።

ጋሽ ጀማሉዲንን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን ቦይለር ፊት የጨረሱ ሰው ናቸው። አንተም በስልክ፣ ወደ ወለሉ የሚገባው ውሃ ለብ ያለ ብቻ ይሁን፣ የፈላውን ከቀዝቃዛው የሚያደባልቀው ቫልቭ ሳይገጠም እሳት እንዳይለኮስ ብለህ አደራ አልካቸው። እሺ አሉህ። ቫልቩ ከአዲስ አበባ ሳይመጣ ዘገየ፤ ብርዱ ደግሞ ጠና። እማም በረደኝ ማለቷን አልተወችም። ጋሽ ጀማሉዲን ለሙከራ ያህል ትንሽ እንለኩሰው አሉ፤ እኔም ለኩሱት አልኩ። የፋብሪካ ሰው ትንሽ እሳት አያውቅም። ቦይለር ካልፈላ የሠራ አይመስላቸውም።

ከጠዋት ጀምሮ ሲነድ ዋለ። እኩለ ቀን ላይ የዙሁር ሰላት ሲደርስ እማ ተጣጥባ ዉዱእ አድርጋ ሳሎን ገባች። ጉልበቷ ካመማት ወዲህ ወንበር ላይ ሆና ነው የምትሰግደው፤ ባዶ እግሯን ሴራሚኩ ላይ አሳርፋ ጀመረች። እኔ ከጓዳ በባዶ እግሬ ብቅ ስል ውስጥ እግሬን ለበለበኝና ሶፋው ላይ ዘለልኩ። ጋሽ ጀማሉዲንም ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው አንድ እርምጃ እንደገቡ ተመልሰው ወጡ። እማ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ስነግርህ ያሳፍረኛል። ኢማኗ ነው አልኩ። ሰላት ስትገባ ዱንያን ትረሳለች ሲባል ሰምተን አይደል ያደግነው? ጋሽ ጀማሉዲንም በር ላይ ቆመው በሹክሹክታ ማሻአላህ አሉ። እንዳናቋርጣት ብለን፣ ዱዓዋን እስክትጨርስ ሁለታችንም ጠበቅናት።

ስትጨርስ፣ እማ አያቃጥልሽም ወይ አልኳት። ምኑ አለችኝ። ገና መች ሞቀና፣ እንጨት ጨምሩበት እንጂ አለች።

 ሶፋውን ተረማምጄ ደርሼ እግሯን አነሳሁት። ውስጥ እግሯ ውሃ ቋጥሮ ቆዳው ተልጧል። በግራ እግሯ ጣቶች መሃል ደግሞ የዛሬ ያልሆነ፣ የጠቆረ ቁስል አለ። ካልሲዋን ሳታወልቅ ስትውል ብርዱ ነው እያልን ነበር። እሷ ራሷ መቁሰሏን አላወቀችም።

ሆስፒታል ስኳር ነው አሉን፤ ከያዛት ብዙ ጊዜው ነው አሉ። ብርዱ የወለሉ አልነበረም፤ እግሯን ስሜቱ እየከዳው ነው በረደኝ ሲያሰኛት የኖረው። እኔ እስከ አሁን ከድንጋጤዬ አልወጣሁም። ስንት ዓይነት ቦይለር ስናማርጥ ከረምን፤ ጎንበስ ብሎ እግሯን ያየ ግን ከመሃላችን አንድ ሰው አልነበረም። ጋሽ ጀማሉዲን በየቀኑ መጥተው ከአጥሩ በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። ስትደውልላቸው አትቆጣቸው።

ቦይለሩን ከዚያ ቀን ወዲህ አልለኮስነውም። እማ ግን አታውቅም። ትናንት በፋሻ የተጠቀለለ እግሯን ወለሉ ላይ አድርጋ፣ ዛሬስ ደስ ይላል፣ ልጄን አላህ ያሙቀው አለች። ሴራሚኩን በእጄ ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። አሚን አልኩና ወጣሁ። ለእግሬ ብሎ የለፋ ልጄ ይሄን ቢሰማ ልቡ ይሰበራል፣ እንዳትነግሪው ብላ አስምላኛለች። መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

የቀኙ እየዳነ ነው። ስለ ግራው ሐኪሙ እስከ ጁምዓ እንየው ብሎ፣ ካልተሻለው ግን ለቀዶ ሕክምናው ፈቃድ የሚሰጥ የቤተሰብ ሰው ይቅረብ አለኝ። እኔ ወንድሜ ሳይመጣ አፌን አልከፍትም አልኩት። ቫልቩም ቦይለሩም ይቅርብንና አንተ ና።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፤ ከክፉ ዓይን ይጠብቅህ፤ እሷ ሳቅ ሳቅ እንዳላት ያገናኘን። ሻንጣህን ስትሸክፍ ደግሞ ሹራብ ያዝላት፣ ሻርፕም ያዝላት። ጫማ ግን እንደ ወትሮው እንዳትገዛ።

ታናሽ እህትህ
ከደሴ