ሌቦቹ ለእናታችን ያልነገሯትን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ፤ ካርድዎ የሚቀመጠው በእናንተው ካርድ ክፍል ከሆነ ግን ለመመለስ አይድከሙ፣ ሰፈሩ ሲያወራው እሰማለሁ።

የምጽፍልዎ ስለ ታናሽ እህቴ ነው። የጡት ካንሰር ሕክምናዋን በእናንተ ዘንድ ስትከታተል፣ ልበ ደካማዋ እናታችን እንዳትደነግጥባት፣ ስትድን በራሷ አንደበት ልትነግራት ቆርጣ ነበር። ፀጉሯ ሲረግፍ እንኳ ሻሿን አሳምራ አስራ ፋሽን ነው ብላታለች፤ የዋህ እናታችንም ቀለሙን መርጣላታለች። በዚህ መሃል ሰርጎ ገቦች ኮምፒውተራችሁን ሰብረው የታካሚዎችን መረጃ ይዘው ሄዱ። ምስጋናዬ ብዙ ነውና በቁጥር ላስቀምጠው፦

፩ኛ. የካርድ ክፍል ሠራተኞች በሙሉ በአንድ የይለፍ ቃል እንዲገለገሉ፣ እሱም እንዳይረሳ በመስኮቱ መስታወት ላይ፣ ፊቱን ወደ ተሰላፊው አዙሮ እንዲለጠፍ ስለፈቀዱ አመሰግናለሁ፤ ተራ ስንጠብቅ የምናነበው አላጣንም።

፪ኛ. ኮምፒውተሩ መከላከያዬ ይታደስልኝ እያለ በየማለዳው ሲለምን «በኋላ» የምትለዋን እየተጫናችሁ ዝም አሰኝታችሁታል፤ እኛ ታካሚዎች ጠዋት ማታ የምንሰማትን ቃል ለማሽኑም ስላልነፈጋችሁት አድናቆቴ ይድረሳችሁ።

፫ኛ. ለይቺኛዋ እንኳ ምስጋና አይበቃትም። ይቅርታ ልትጠይቁ ብላችሁ፣ ለታካሚው ሳይሆን በየካርዱ ላይ «ተጠሪ» ተብሎ ለተመዘገበው ስልክ መልእክት ላካችሁ። እህቴ ያን ካርድ ያወጣችው ድሮ ጥርሷን ታማ ነው፤ ያኔ ከእናት ሌላ የማን ስልክ ይጻፋል? የእናታችንን ስልክ ቻርጅ ላደርግ ሳነሳ አነበብኩት፦ «በካንሰር ክፍል የሚታከሙት ልጅዎ መረጃ በመሰረቁ ከልብ እናዝናለን።» ሌቦቹ ምስጢራችንን ይዘው እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላሉም፤ ለእናታችን የነገራት የእናንተ ትሕትና ነው።

አሁን እናታችን ማወቋን ትደብቃለች፣ እህቴም እንዳወቀችባት ገብቷት ያልገባት ትመስላለች። ትናንት እናታችን ሻሿን እያስተካከለችላት ፋሽኑ እንደሚያምርባት ነገረቻት፤ ቋጠሮው ግን እጇ ላይ እምቢ አለ። ሦስታችንም ሳቅን።

ለመሥሪያ ቤትዎ ብርቱ መቆለፊያ፣ ለእርስዎም ምስጢር የሚጠብቅልዎ ሐኪም ከልብ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የታካሚዋ ታላቅ እህት

ማስታወሻ፦ እናታችን መልእክታችሁ መልስ እንደማይቀበል ስላላወቀች፣ ከሥሩ «ልጄ ትድናለች ወይ?» ብላ ጽፋላችኋለች። የእህቴን ካርድ ከእናንተ ይልቅ በጥንቃቄ ያነበቡት ሌቦቹ ይመስሉኛልና፣ አድራሻቸውን ካገኛችሁ እባካችሁ ጥያቄዋን ለእነሱ አድርሱልን።