የጨረቃዋ ዓምድ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ዝናብ። እዚህ ከተማችን ማኒሳሌስ ውስጥ ይሄ ወሬ አይደለም። የአክስቴ የኖኤሊያ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት የሸራ ጣሪያ ውሃ አቁሮ አቁሮ የበቆሎ ቂጣው፣ አሬፓው ላይ ዘረገፈው። ደንበኛው ቋሊማውን ጥሎ ሮጠ። "አምስት ዓመት አርክቴክቸር ተምረሽ አክስትሽ ዝናብ ላይ ትበስብስ?" አለችኝ። እውነቷን ነው...

የመመረቂያ ሥራዬን አገኘሁ! ገመድ ሲሳብ የሚዘረጋ፣ ሲለቀቅ የሚታጠፍ የቀርከሃ ጣሪያ። አርባ ስምንት ቀርከሃ፣ እንደ መቀስ የተጠላለፈ። ኮምፒውተሩ ላይ አንዱን ቁጥር ስነካ አርባ ስምንቱም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። መምህሬ ኦርዱስ "ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር ይከፈታል" አለኝ። እናያለን!

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ከዶን ኤቤልዮ ጋር ቀርከሃ ቆረጥን። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀርከሃ ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የሚቆርጡት ጎህ ሳይቀድ፣ ጨረቃ ስትጎድል ብቻ። ስትሞላ የተቆረጠውን ነቀዝ ይበላዋል ይላሉ። ሳቅሁ።

"ሳቂ" አሉ። "ነቀዙም እየሳቀ ነው የሚበላው።"

አርባ ሁለት ቆርጠን ነጋ። ስድስት ቀረ። "እሱ ለሚቀጥለው ወር ነው፣ ስትጎድል።" ወር ሙሉ ልጠብቅ?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9

አልጠበቅሁም። ስድስቱን ራሴ ቆረጥኩ። ጨረቃዋ ልትሞላ አራት ቀን ሲቀራት። ዶን ኤቤልዮ አልተቆጡም፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ቀይ ክር አሰሩ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ኃጢአትሽ እንዳይጠፋብሽ ነው፣ ልጄ።"

አርባ ስምንቱንም በአንድ ገንዳ፣ በአንድ የነቀዝ መድኃኒት ነከርን። እኩል።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26

ጣሪያው አክስቴ ጋ ተተክሎ ተቀረቀረ። ግማሽ ላይ። እኔ፣ አክስቴ፣ ሁለት ደንበኞች ገመዱን ጎተትን... ንቅንቅ የለም።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ለሁሉም አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሰጥቻቸው ነበር። ቀርከሃ ከሥሩ ወፍራም፣ ከጫፉ ቀጭን መሆኑን እዚህ ከተማ የማያውቅ ማን አለ? እኔ! አምስተኛ ዓመቷ ተማሪ! የብሎን ቀዳዳው ሁሉ ያለቦታው ነው የተበሳው።

"ጠይቀሻቸው ነበር?" አሉኝ ዶን ኤቤልዮ።

"ማንን?"

"ቀርከሃዎቹን ነዋ!"

ዓርብ፣ ሜይ 2

አርባ ስምንቱን አንድ በአንድ ለካሁ። የሥሩ ውፍረት፣ የጫፉ ውፍረት፣ ጉብጠቱ። ፕሮግራሙ አሁን ለእያንዳንዱ የራሱን ቀዳዳ ያወጣለታል። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት የሉም።

የልኬቱ ሠንጠረዥ መጨረሻ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ። "ጨረቃ"። ስትጎድል፣ አርባ ሁለት። ስትሞላ፣ ስድስት። አምኜበት ነው? አላውቅም። ስለማላውቅ ነው የጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ሜይ 14

ተከፈተ!! አክስቴ በአንድ እጇ ሳበችው። በሌላው ቋሊማ እያገላበጠች።

ማክሰኞ፣ ሜይ 20

ኦርዱስ ሠንጠረዡን አየ። ጣሪያውን ወዶታል፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ጣቱ ግን የመጨረሻው ዓምድ ላይ ቆመ።

"ዙልማ... ይሄ ሳይንስ ነው ወይስ ጥንቆላ?"

"መረጃ ነው።"

"ይህን የኮምፒውተር ንድፍ ትምህርት እዚህ ለማስገባት ሰባት ዓመት ታግያለሁ። በኮምፒውተር ይጫወታሉ እያሉ ሲስቁብኝ። አሁን ደግሞ በጨረቃ ልታስቂብኝ ነው? አጥፊው፣ ከአምስት አራት ተኩል ታገኛለሽ። ካላጠፋሽ ዓመቱን ትደግሚያለሽ።"

አክስቴ ስትሰማ ጮኸች። "አጥፊውና ተመረቂ! ጨረቃዋ ትከስሽ ይመስል!"

አንድ ቁልፍ መጫን ነው። አንድ! ለምንድን ነው እጄ እምቢ ያለው?

ዓርብ፣ ጁን 6

ዘነበ። ይዝነብ! ሦስት ዳኞች፣ ሦስት ጃንጥላ። ገመዱን ሳብኩ። ጣሪያው ከአክስቴ ምድጃ በላይ ሲዘረጋ ጃንጥላቸውን አጠፉ። አጨበጨቡ። ከዚያ ሠንጠረዡን አዩ።

"ይሄኛው ዓምድ ቀልድ ነው?" አለች አንዷ።

ኦርዱስ ቀደመኝ። "ቀልድ ነው። አሁን ታጠፋዋለች።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዶን ኤቤልዮ ከኋላ ቆመዋል። የክት ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው።

"አላጠፋም" አልኩ። "የውፍረቱንም ልዩነት ሳልለካው በፊት የለም ብዬ ነበር። ጣሪያው ተቀረቀረብኝ።"

ሁለት ነጥብ ስምንት። ማለፊያው ሦስት ነው።

ቤት ገብቼ ትራስ ነክሼ አለቀስኩ። አፈርኩ፣ ተናደድኩ፣ እንደገና አለቀስኩ። ዓምዱ ግን አለ።

ቅዳሜ፣ ጁን 7

ዶን ኤቤልዮ መጡ። "ለእኔ ብለሽ ከሆነ ሞኝ ነሽ።" "ለእርስዎ ብዬ አይደለም" አልኳቸው። ውሸት። ግማሹ ለእሳቸው ነበር።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 19

ኦርዱስ ምሳ ሊበላ መጣ! አክስቴ ጋ! ከመላው ከተማ መርጦ! ቋሊማና አሬፓ አዘዘ። አክስቴ ሆን ብላ ትንሿን ሰጠችው።

ሊጎርስ ሲል አሬፓው ላይ ብናኝ ወረደ። ቢጫ፣ እንደ ዱቄት የላመ። ቀና አለ። ቀና አልኩ። ቀይ ክር...

ወንበር ላይ ወጥቼ ሁሉንም አየሁ። ቀይ ክር ካለባቸው ስድስት አራቱ ተበልተዋል። ከአርባ ሁለቱ አንድም የለም።

"ሁለቱስ?" አለ ኦርዱስ። አሬፓውን ረስቶታል።

"አላውቅም።"

"ስድስት ናሙና ትንሽ ነው።"

"ትንሽ ነው። ግን ዓምዱ ቢጠፋ ኖሮ ስድስትም አይኖርም ነበር።"

ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ። ደስ አለኝ? አዎ። አራት ቀርከሃ ተበልቶብኝ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 16

ዓመቱን እየደገምኩ ነው። ኦርዱስ ነጥቤን አልቀየረም፤ እኔም አልለመንኩትም። ያው መምህር፣ ያው ጣሪያ፣ ያው ዓምድ።

ዛሬ ጎህ ሳይቀድ የተበሉትን አራቱን ልንተካ ወጣን። አሁን ዶን ኤቤልዮን የምቀሰቅሳቸው እኔ ነኝ። ቀርከሃው ጋ ስንደርስ አንድ ሰው ቆሟል። በነጭ ጫማ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ። ኦርዱስ።

"አራት አይበቃም" አለ። "ሃያ ዛሬ፣ ሃያ ስትሞላ።"

ዶን ኤቤልዮ ከላይ እስከ ታች አዩት። ቆንጨራውን አልሰጡትም። ደብተሬን ተቀብለው ከነእርሳሱ ሰጡት። "እርስዎ ይጻፉ።"

የመጀመሪያው ቀርከሃ ወደቀ። ለካሁ፣ ጠራሁ፣ ጻፈ። ሥር፣ ጫፍ፣ ጉብጠት። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ሰማዩን አየ። ከዚያ በገዛ እጁ ጽሑፍ "ስትጎድል" ብሎ ጻፈ።

ያጥፉት አላልኩትም።