ኪኒኑን ውጫለሁ

ጥቅምት 3
አንተ ደብተሬን የምትጎረጉር ሰውዬ! አዎ፣ አንተን ነው፣ ባሌ። ከጋራዥ መጥተህ በግሪስ እጅህ ከፍተኸው ከሆነ መልሰህ አስቀምጠው። ካላስቻለህ ደግሞ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብብ። ግማሹን አንብቦ ማኩረፍ የለም።
ዛሬ ምንም አዲስ ነገር የለም። ፀጉር ቤቱ ሞልቶ ዋለ። አንዷ ሙሽራ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተኝታ አንኮራፋች... ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ኪኒኔን ዋጥኩ። ነገ ሆስፒታል ሄጄ ለጥናቱ ደም እሰጣለሁ። የጉበቴ ቫይረስ በመድኃኒቱ እንዴት እንደሚቀንስ በሒሳብ እየተከታተሉ ነው። እስካሁን ሲወርድ ነው የቆየው። ደህና ነኝ ማለት ነው... አይደል?

ጥቅምት 11
ጨምሯል።
የጥናቱ ባለሒሳብ (ከነማዕረጉ ልጠራው ብል ምላሴ እምቢ አለኝ) ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረ። ቁልቁል የሚወርድ መስመር። የሌሎቹ ተሳታፊዎች ነጥብ መስመሩን ተከትሎ ይወርዳል። የእኔ ወርዶ ወርዶ... ተመልሶ ሽቅብ።
"መድኃኒቱን አቁመሻል።"
"አላቆምኩም።"
"ሞዴሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ያቋረጠ ሰው ደም እንዲህ ነው የሚሆነው።"
"ሞዴልዎ ቤቴ መጥቶ አይቶኛል?"
ነርሷ ሳቋን በማስኳ ደበቀች። እሱ አልሳቀም። ኪኒን የማይውጥ ሰው ወደ ሌላ መድኃኒት አይዛወርም፣ ደንብ ነው አለኝ። ታዲያ ጉበቴ ምን ይሁን? ደንብ ይዋጥ?
በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ተራ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ! እኔ "እርስዎ" ስለው እሱ "አንቺ"። ውሸታም ተብዬ ወጣሁ።

ጥቅምት 12
ባሌ፦ "እኔማ አምንሻለሁ። ግን... ኮምፒውተር ይዋሻል እንዴ?"
ለካ ማመን እንዲህ ነው።

ጥቅምት 15
"አፍሽን ክፈቺ። ምላስሽን አንሺ።" ባሌ በስልኩ መብራት አፌን ሲያይ የሞተር ዘይት የሚለካ ነው የሚመስለው። ጣቱን መንከስ ነበረብኝ። አልነከስኩም። እስካሁን ይቆጨኛል።
ወሬው ፀጉር ቤት ደርሷል። ደንበኛዬ ካስክ ውስጥ ሆና "እህቴ፣ ለልጆችሽ ስትይ ዋጪው!" አለችኝ። በሹክሹክታ የተናገረች መስሏታል። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው እንደሚጮህ ማን ይንገራት? ቤቱ ሁሉ ሰማ።

ጥቅምት 19
ሞዴል ስለሚሉት የሒሳብ ቀመር ስልኬ ላይ ሳነብ ዋልኩ። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ የቀረውን ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ማንበብ አይደክመኝም። ግማሹ ግን አልገባኝም። የገባኝ ይቺ ናት፦ መስመሩን ከማስመራቸው በፊት "ነገሩ እንዲህ ነው ብለን እንነሳ" ይላሉ። እኔን ውሸታም ያደረገኝ የትኛው "ብለን እንነሳ" ነው?

ጥቅምት 21
ነርሷን ያዝኳት። "ዓይናችሁ እያየ ልዋጥ!"
"የኔ እህት፣ በየቀኑ መመላለሱን ትችይዋለሽ?"
"በእንብርክኬም ቢሆን!"
የምትከታተለኝ ሐኪም ፈቀደችልኝ። ከነገ ጀምሮ ፀጉር ቤቱን ከመክፈቴ በፊት እዚያ ሄጄ እውጣለሁ። ባለሒሳቡን አላናገርኩትም። ለምን ብዬ?

ኅዳር 25
ዓይናቸው እያየ ውጬ... አሁንም ሽቅብ! ደስ አለኝ። በሽታው ሲብስበት ደስ የሚለው ሰው አይታችኋል? እዩኝ። ከዚያ መኪና ውስጥ አለቀስኩ።
ሐኪሟ ደሜን ለሌላ ምርመራ ልካለች።

ታኅሣሥ 10
ቫይረሱ ተለውጧል። ያንን መድኃኒት የሚቋቋም ሆኗል። ስውጠው ኖሬ እሱ ከቁብም አልቆጠረውም! ሌላ መድኃኒት ተሰጠኝ።
ባለሒሳቡ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ። ግራ ቀኝ አየ፣ ሰው የለም።
"ቫይረሱ አንድ ዓይነት ነው፣ አይለወጥም ብለን ነበር የተነሳነው... ይቅርታ ያድርጉልኝ።"
ዛሬ "እርስዎ" ሆንኩ! ለስድቡ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፣ ለይቅርታው ሹክሹክታ። አዲሱን መድኃኒቴን ይዤ አለፍኩ። ረክቼ ግን አይደለም።

የካቲት 2
ቫይረሱ እየወረደ ነው። ባሌ በመብራት አፌን ማየት ካቆመ ቆይቷል።
ዛሬ የጥናቱ ውጤት ለእኛ ለተሳታፊዎች ተነገረን። አዳራሹ ሙሉ። ባለሒሳቡ ማይክራፎን ይዞ፣ መስመሩ ግድግዳው ላይ በትልቁ በርቶ። ከሥሩ፦ "አንዲት ተሳታፊ መድኃኒቱን ባለመውሰዷ ከውጤቱ ወጥታለች።"
አሁንም!
ተነሳሁ። "አንዲቷ እኔ ነኝ!"
"እ... በግል ብንነጋገር—"
"ስትሰድበኝ በግል ነበር?"
"ይመልስላት!" ብሎ አንድ ሰው ከኋላ ጮኸ። ዞር ስል... ባሌ! ከነቱታው፣ ከጋራዥ በቀጥታ መጥቶ።
ባለሒሳቡ ሰዓቱን አየ። "ጊዜያችን አልቋል።" ግድግዳው ላይ የበራው መስመር ጠፋ።
ምን አባቱ ነው የሚያልቀው? እኔ መድኃኒቴን አግኝቻለሁ። ነገ የሌላ ምስኪን ነጥብ ሽቅብ ሲወጣስ? "ውሸታም" ብላችሁ በአሮጌው ኪኒን ልትቀብሩት ነው? ባለሒሳቡ፣ እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው ሰው ፊት፣ በዚያው ማይክራፎን ንገረን፦ ይቺ ሴት ኪኒኗን ውጣለች ወይስ አልዋጠችም?
መልስ!